መልእክቱን በመዳፋቸው የሚሸፍኑት ሴት

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የድሮ የሥራ ባልደረቦች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ አዘውትሮ የሚለጠፍበት የቤት ሽያጭ ማስታወቂያና የጠዋት ምርቃት ነው። ስልኬን ስከፍት «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይዘንላቸው»፣ «በጣም ያሳዝናል» የሚሉ መልእክቶች ተደራርበዋል። ማን እንደሞተ የሚናገር ግን የለም። ወደ ላይ ስገፋ ስገፋ ልጃቸው ፉአድ የጻፈው ላይ ደረስኩ። «እናታችን ዛሬ ንጋት ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብራቸው ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰበታ ነው።» ከዚያ ቀጥሎ አንዱ ባልደረባችን «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አላህ ያሳምረው» ብሎ ጽፏል። ሳያነብ ነው። የሠርግ ጥሪ መስሎት ይሆናል።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጤንነቴን ተጠራጥራ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። እትዬ ዘይነባ ይህን ቢያዩ ሰውየውን ጠርተው፣ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «እስቲ ምን ይላል?» ይሉት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ሳያነቡ ከሚመልሱ ሰዎች ጋር ነው።

የምንሠራው በአንድ የግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ክሊኒኮች ነበሩት፤ ዛሬ ተዘግቷል፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ራሷን እንዳታውቅ ስሟን ብቻ ሳይሆን ሥራዋንም ትንሽ ለዋውጬዋለሁ። ለምን እንደሆነ እያደር ይገባችኋል።

እትዬ ዘይነባ የዳታ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በሦስቱ ከተሞች የሚታከሙ ሰዎች መረጃ በየምሽቱ ሰበታ ወዳለው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ወደምንለው፣ በራሱ ጊዜ ይገለበጣል። ባክአፕ የምንለው ይህን ነው። ሰው አይነካውም፤ ሁላችንም ቤታችን እራት ስንበላ እሱ ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ስንገባ ወይ «ተሳክቷል» ብሎ ይጠብቀናል፣ ወይ ደግሞ አልተሳካም ብሎ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ይጽፍልናል። የስኳሩ፣ የቲቢው፣ የሚጥል በሽታው፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ምን እንደማይስማማው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ክሊኒክ ቢቃጠል ሕመምተኛው በሌላው ክሊኒክ መድኃኒቱን እንዲያገኝ ነው ይህ ሁሉ ድካም።

የእትዬ ዘይነባ አባት ከስልጤ መጥተው ሰበታ ገበያ ዳር ጨርቅ የነገዱ ናቸው። ባለቤታቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። እትዬ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ ተምረዋል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ሲመጣ አብረው መጡ። አጠር ደልደል ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱት ዓረፍተ ነገር ብዙ ነው። ቁጡ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ምስጋና ከአፋቸው ለማውጣት ጥርስ የማስነቀል ያህል ይከብዳቸው ነበር። ስብሰባ ሁልጊዜ አርፍደው ይገባሉ። ውሻ ደግሞ ሲበዛ ይፈራሉ፤ ዘበኛው ውሻውን ካላሰረ ከመኪና አይወርዱም። መኪናው ውስጥ ሆነው በስልክ ሥራ ሲያዙ የዋሉበትን ቀን አስታውሳለሁ።

የመዳፋቸውን ነገር ልንገራችሁ። አንዳችን «እትዬ፣ ባክአፑ ወድቋል!» ብለን እንሮጣለን። ቀና ሳይሉ «ምን ይላል?» ይላሉ። የመጣልንን እንነግራቸዋለን። ተነሥተው ይመጣሉ፤ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሸጎጥ ያደርጋሉ፤ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ይሰካሉ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ከዚያ ስክሪኑን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኛ ይዞራሉ።

«አሁን ንገረኝ። የመሰለህን አይደለም፤ የሚለውን።»

አንድም ሰው በትክክል ተናግሮ አያውቅም። ሁላችንም የምናውቀው የገመትነውን ነው። «እሺ» የሚለውንማ ሳያነብ የተጫነ ሰው ያን ቀን ምሳውን በሰላም አይበላም። «ምን ላይ ነው እሺ ያልከው? ቤትህን ሽጥ ቢልህስ?» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የሱሉልታው ባክአፕ ቀናት ሙሉ «ዲስኩ ሞልቷል» እያለ ወደቀ። እኔ ልክ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው የድሮ ፋይሎችን ሰርዤ ቦታ ላስለቅቅ አሰብኩ። እጄን ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም። «ሞልቷል ያለው የማንን ዲስክ ነው? ጠየቅከው?» አሉ። ሱሉልታ ድረስ ሄድን። ለካ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ እየሠራች መዝሙር የምታዳምጥበት ፍላሽ መረጃው ወደ ሰበታ ከመላኩ በፊት የሚያርፍበት የኛ ዲስክ በሚሰካበት ቦታ ተሰክቷል፤ የኛ ዲስክ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ምስኪኑ ባክአፕ የሱሉልታን ሕመምተኛ ሁሉ መዝሙር ወደሞላው ፍላሽ ሊከት ይታገላል። መልእክቱ እውነቱን ነው። ዲስኩ ሞልቷል፤ ዲስኩ ግን የኛ አይደለም። ሠራተኛዋ ልታለቅስ ስትል «አንቺ ምን አደረግሽ? መዝሙር ማዳመጥ ወንጀል ነው?» ብለው አቀፏት። እኔን ግን እስከ ሰበታ ድረስ እያብጠለጠሉኝ ተመለሱ። «መልእክቱ የሚነግርህ የወደቀበትን ቦታ ነው። የገፋው ሌላ ቦታ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ያንን ፈልግ» ያሉኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መጣ። ለማያስታውሰው፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በአንድ ዕቅድ ከከተማዋ ጋር ሊያያዙ ነው ተብሎ፣ መሬታችን ሊሄድ ነው ብሎ ሕዝቡ ወጣ። መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ ሰው ሞተ፣ ሰው ታፈሰ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሐዘን ይዞ ነው ሥራ የሚገባው። ቢሮ ውስጥ ዝም ማለት ለመድን። ትናንት አብረው ምሳ የሚበሉ ሰዎች ዛሬ አንዱ ሲገባ ሌላው ወሬውን ያቋርጣል። ሥራ አስኪያጃችን ከላይ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ሪፖርት እንዲያደርጉ ተነግሯቸው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ፍርሃት ከክፋት ያልተናነሰ ጉዳት ያደርስ ነበር።

በዚያ ሰሞን የቡራዩ ባክአፕ መውደቅ ጀመረ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ መግባት አልተፈቀደም፤ የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ትክክል አይደለም። ከሥሩ የተጠቃሚው ስም ተጽፏል፦ ጉርሜሳ።

ጉርሜሳ የቡራዩ ክሊኒክ የዳታ ሠራተኛ ነው። የመናገሻ ልጅ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ እትዬ ዘይነባን «አዴ» ብሎ የሚጠራ። ኦሮምኛ አዴ ለወይዘሮ የሚባል ነው፤ በእሱ አፍ ግን ከዚያ ይሞቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ታናሽ ወንድሙ ከትምህርት ቤት ተይዞ ስለነበር ሥራ አልገባም፤ ከእናቱ ጋር ወንድሙ የት እንደታሰረ ሲፈልግ ነው የከረመው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ገጣጠሙት። ወንድሙ ታስሯል፤ እሱ ሥራ አልገባም፤ ፓስወርዱ ተቀይሯል፤ የሕመምተኛ መረጃ ከሰበታ ተቋርጧል። ጠዋት ሁላችንን ሰብስበው «ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው፤ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ አለብኝ» አሉ። ለሚመለከተው ክፍል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስም አንዴ ከተላለፈ አይመለስም።

«ልጁ አልተጠየቀም» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ማሽኑ ራሱ እኮ ስሙን ጠርቶታል!»

«ማሽኑ የጠራው በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ቡራዩ ሄጄ ልይ። እስክመለስ ድረስ አይላኩ።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን አሹ። «እስከ ማታ» አሉ።

በስልክ ጠይቀን ነበር። ቡራዩ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር አማረች፣ «ሁሉም ሰላም ነው፤ ኮምፒውተሩም ይሠራል» ብላናለች። እትዬ ዘይነባ ግን በስልክ አያምኑም። «በስልክ የሚነገረኝ ለሰውየው የመሰለው ነው» ብለው ሻርፓቸውን አጠለቁና እኔን አስከትለው ወጡ።

በአየር ጤና በኩል ዞረን አስኮ ደረስን። ከአስኮ ወዲያ ታክሲ የለም። በእግር ጀመርን። አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ ተበትኗል፤ ሱቆቹ ዝግ ናቸው። አንድ ቦታ ድንጋይ ደርድረው የቆሙ ወጣቶች አስቆሙን። እትዬ ዘይነባ ከሩቅ «አከም ኦልተኒ፣ ኢጆሌ ኮ!» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ ማለታቸው ነው። አንደኛው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። በኦሮምኛ ክሊኒኩን፣ ሕመምተኞቹን፣ ቡራዩ የሚጠብቃቸውን ሥራ አስረዱት። ልጁ ድንጋዩን ገለል አድርጎ መንገድ ሲከፍት እጁ መቁሰሉን አይተው «ይህን ቁስል ታጥበህ እሰረው፤ ክሊኒክ ና» ብለው ተቆጡት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከድንጋዩ ኋላ የነበረች ውሻ ብቅ ስትል ግን እኔን ፊት አስቀድመው በጀርባዬ ተከለሉ።

ሲስተር አማረች በር ላይ ጠበቀችን። ከወላይታ መጥታ ቡራዩ የተቀመጠች፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ እምነቷ የጠና ሴት ናት። በዚያ ቀውጢ ጊዜ ሐኪሙ ሲቀር እሷ አልቀረችም፤ ክሊኒኩ እንዳይዘጋ ያደረገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። «ጌታ ይባርካችሁ፣ በእግራችሁ ነው የመጣችሁት?» እያለች ወንበር ሰጠችን።

እትዬ ዘይነባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ባክአፑን በእጅ አስጀመሩት። ያው መልእክት መጣ፤ መግባት አልተፈቀደም፤ ጉርሜሳ። አነበቡት። መዳፋቸውን አነሡና ስክሪኑን ሸፈኑ፤ የሚጠይቁት ሰው ግን አልነበረም፤ ራሳቸውን ነው መሰለኝ የጠየቁት። መልእክቱ ሲሸፈን የስክሪኑ ጥግ ብቻ ነው የሚታየው። ጥጉን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሲስተር፣ ይህ ሰዓት ልክ ነው?»

«ልክ ነዋ!» አለች ሲስተር አማረች ፊቷ በርቶ። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ጉርሜሳ ሲቀር ማንን ልጠይቅ? የቀጠሮ ወረቀቱ እኮ ሰው ሊፈጅብን ነበር።»

ነገሩን አስረዳችን። ኮምፒውተሩ የሚያትመው የቀጠሮ ወረቀት ሰዓቱን የሚጽፈው የኮምፒውተሩን ሰዓት ተከትሎ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተቀጠረ ሰው ወረቀቱ ላይ ስምንት የሚል ያነባል። በደህናው ጊዜ ጉርሜሳ በቃል ይነግራቸው ነበር። እሱ ሲቀር፣ ከገጠር የሚመጡት ወረቀቱን አምነው ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት መምጣት ጀመሩ፤ ግርግሩ የሚነሣው ደግሞ ያኔ ነው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌ መንገድ ተዘግቶባቸው ውለው ተዝለፍልፈው በሰው ሸክም ገቡ።

«ለምን በዚህ ሰዓት መጡ ብላቸው ‹ወረቀትሽ ስምንት ይላል እኮ፣ ልጄ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው! እኔም የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደኛ ሰዓት መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ተመስገን፣ ሁሉም በጠዋት ይመጣል።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘይነባ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። አጥብቀው።

ነገሩ ቀላል ነው። የሰበታው ሰርቨር ከሌላ ቦታ የሚመጣን ኮምፒውተር ሲቀበል የሁለቱን ሰዓት ያመሳክራል። ልዩነቱ ከሰፋ ማታለያ ይመስለውና ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም በሩን ይዘጋል። ባክአፑ ግን ለምን እንደተዘጋበት አያውቅም፤ የሚያውቀው መከልከሉን ነው፤ ስለዚህ ፓስወርድ ተሳስቷል ይላል። ጉርሜሳ ደግሞ ስሙ የተጠራው ፕሮግራሙን መጀመሪያ ሲተክል በራሱ ስም ስለተከለው ብቻ ነው። እሱ መናገሻ ወንድሙን ሲፈልግ፣ ስሙ በየምሽቱ ሰበታ በር ላይ እየሄደ ይከለከል ነበር።

እትዬ ዘይነባ ለሲስተር አማረች ያሏት ይህን ብቻ ነው፦ «ደግ አድርገሻል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሳትነኪ ወረቀቱ በኛ ሰዓት እንዲጽፍልሽ ላድርግልሽ።» ተቀምጠው ሠሩት። የመጀመሪያው ወረቀት «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ ሲወጣ ሲስተር አማረች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሰዓቱን በቦታው መለሱ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካውም ቆለፉት፤ ባክአፑ ሄደ።

ስንመለስ መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። «ለምን አልነገሯትም?»

«ብነግራት ምን የምታደርግ ይመስልሃል?»

«ምን ታደርጋለች?»

«አሁኑኑ ሰበታ ሄዳ እኔ ነኝ ትላለች። ዋሽታ አታውቅም። እነሱ የሚፈልጉት ስም ነው፤ ምክንያቱን የሚሰማቸው ማን አለ? ልጆቿን ማን ያበላላታል?» ትንሽ ተራመዱና «ለሰው ያሰበች ሴት ናት» አሉ።

ሰበታ ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ፊታችንን ማየት አልፈለገም። ሥራ አስኪያጁ እስከ ማታ አልጠበቁም። ለጉርሜሳ ስልክ ደውለው አስቸኳይ ሥራ አለ ብለውታል። መንገዱ ዝግ ስለነበር ልጁ በሱባ ጫካ በኩል አቋርጦ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ «አዴ የት አሉ?» እያለ ገብቷል። ግቢው ውስጥ ሲጠብቁት የነበሩ ፖሊሶች ወሰዱት። እኛ እሱን ልናድን ቡራዩ ስንሄድ እሱ ለእኛ ሥራ ሰበታ መጣ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እትዬ ዘይነባ አልጮኹም። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ቆመው አዩዋቸውና «ልጁን በስሜ ነው የጠሩት አይደል?» አሉ። ሰውየው ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። የሚጠይቀው ኢንስፔክተር ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበረው። ስለ ሰርቨርና ስለ ፓስወርድ ሲነግሩት ዓይኑ ፈዘዘ። እትዬ ዘይነባ ይህን አዩና ነገሩን ተዉት።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

የእጅ ሰዓቱን አየ። «አራት።»

«ስልክህስ ምን ይላል?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን ገለበጠ። «አሥር።»

«የቱ ነው የዋሸህ?»

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። «ሁለቱም ልክ ናቸው» አለ።

«ትልቁ ማሽን ግን ይህን አያውቅም። አራት ብሎ የመጣውን ሌባ ነው ብሎ በር ይዘጋበታል። ልጁን ያሰራችሁት በዚህ ነው።»

ነገሩ ገብቶታል። ችግሩ ግን መግባቱ ብቻ አይበቃም። ብዕሩን አነሣና «እሺ፣ ሰዓቱን የለወጠው ማን ነው?» አለ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሸጎጡ።

«ሰዓቱን ማንም እንዲነካው ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። በራሱ የሚሠራ ሥራ በሰው ስም እንዲሄድ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ጻፍ፤ ዘይነባ ሸምሱ።»

«እትዬ፣ የጠየቅኩት እጁን ያስገባውን ሰው ነው።»

«ሰማሁህ። የምመልስልህ ግን ይኸው ነው።»

አንድም ቃል አልዋሹም። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ኢንስፔክተሩ ደጋግሞ አያቸው፤ ሌላ ስም እንዳለ እንደገባው እርግጠኛ ነኝ። ጻፈ። እሳቸውን እዚያው አስቀረ። እኔን ሂድ አለኝ።

በነዚያ ቀናት ጣቢያው በር ላይ ባለቤታቸው ምግብ ይዘው ይቆማሉ፤ የጉርሜሳ እናትም ከመናገሻ እየመጡ ከጎናቸው ይቆማሉ። አንዱ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንዷ የገጠር እናት፤ የያዙትን ምግብ ተካፍለው ለሁለቱም እስረኞች ያስገባሉ። መጀመሪያ የተፈታው ጉርሜሳ ነው። ሲወጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እሱ ግን «አዴስ?» ነበር ያለው። እሳቸው ከእሱ በኋላ ወጡ። ከስተው ነበር። ልክ እንደወጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ባክአፑ ሄዷል ወይ?» ብለው ነው፤ አዎ ስላቸው «ምን ይላል?» አሉኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን።

ኃላፊነቱን ወሰዱባቸው። ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ኃላፊ መጣባቸው። ጨዋ ልጅ ነበር፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ በመጣ በሳምንቱ ስክሪኑን በመዳፋቸው ሸፍነውበት ላብ ሲያጠምቁት አይቻለሁ። ጉርሜሳ ያንን ባክአፕ ከስሙ አወጣው፤ ከዚያ በኋላ በራሱ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የማሽን ስም እንጂ የሰው ስም እንዳይኖረው እሱና እትዬ ሦስቱንም ክሊኒክ ዞረው አብረው አስተካከሉ። ሰዓቱን ማን ለወጠው የሚል ጥያቄ ግን ዳግመኛ አልተነሣም። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው እስከሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሩም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቶ ነበር። ጉርሜሳ ከገላን መጥቷል፤ እዚያ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲስተም ይመራል፤ ጠጉሩ መሸሽ ጀምሯል። ሲስተር አማረችም ከቡራዩ መጣች። አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ ለተሰበሰበው ሰው ስለ እትዬ ዘይነባ ማውራት ጀመረች፤ ያን ሁሉ ድንጋይ በእግራቸው አልፈው መጥተው የቀጠሮ ወረቀቱን በኛ ሰዓት እንዳደረጉላት፣ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው መንገድ ላይ እንዳልቀረባት። «ያን የመሰለ ጊዜ የኔን ወረቀት ለማስተካከል ብለው መጡ!» አለች። ጉርሜሳን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ «ኤዬ፣ አዎ ሲስተር። አዴ እንዲህ ነበሩ» አለ።

ውጭ ስንወጣ ያዝኩት። «ታውቅ ነበር?»

«በተመለስኩ ቀን። ሰዓቱ መቼ እንደተለወጠ ማሽኑ መዝግቦት ነበር። በዚያ ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ ማን እንደነበረ አውቃለሁ።»

«ለእትዬ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። እጃቸውን አፌ ላይ ከደኑት» አለና ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ሲመሻሽ ሲስተር አማረች ብቻዋን ታክሲ እንዳትጠብቅ ብሎ ጉርሜሳ መኪናውን አስነሣ። ገላን እና ቡራዩ በተለያየ አቅጣጫ ናቸው፤ መንገዱ አይደለም። በሩን ከፍቶ አስገባት፤ ቀበቶውን ሊያስርላት ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዛ አስቆመችው።

«ቆይ አንተ፣ ያኔ ያሰሩህ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርከኝም እኮ።»

ጉርሜሳ ቀበቶውን አሰረና ቀና አለ።

«ሰዓት ተሳስቶ ነው፣ ሲስተር።»

ለአፍታ አየችው። ከዚያ እጁን መታ አድርጋ ሳቀች። «ሂድ ወዲያ! ሰዓት ተሳስቶ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

እሱም አብሯት ሳቀ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ወደ ቡራዩ ይዟት ሄደ።